ሮትሺልድ፦ ከቤት ምልክት የወጣ የቤተሰብ ስም
የአንድ ስም የጉዳይ ጥናት

ስለ ሮትሺልድ የባንክ ባለቤቶች ቤተሰብ በድረ ገጽ ላይ በብዛት ከሚዞሩት ወሬዎች አንዱ እንዲህ ነው፦ ማየር አምሼል ባወር የሚባል የፍራንክፈርት ገንዘብ አበዳሪ በደጃፉ ቀይ ጋሻ ሰቀለና ስሙን ለውጦ ሮትሺልድ («ቀይ ጋሻ») ተባለ። ወሬው ስለ ምስጢራዊ ማኅበራትና ስለ ዓለም ገዥዎች በሚነገረው ሁሉ ላይ መቅድም ሆኖ ይገባል። ስሙን ግን እንዲህ አድርጎ የለወጠ ሰው የለም። ሮትሺልድ የሚለው መጠሪያ ማየር አምሼል ከመወለዱ ከብዙ ዓመታት በፊት በቤተሰቡ ውስጥ ነበር፤ አባቱም አያቱም በዚሁ ይታወቁ ነበር። የመጣው ከአንድ ቤት ነው፤ ቤተሰቡ ደግሞ ያንን ቤት ለቆ ከወጣ በኋላ ነው ስሙ እየጸና የሄደው። እንዴት እንደሆነ ለማየት ስሙን ከፊት ወደ ኋላ እያነበብን እንሄዳለን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጠሪያው ፊት ያሉት ሁለት ስሞች

ጀርመኖችና እንግሊዞች ብዙ የሚሳሳቱበት፣ የአማርኛ አንባቢ ግን ያለ ችግር የሚያልፈው ቦታ እዚህ አለ። «ማየር አምሼል» ማለት የአምሼል ልጅ ማየር ማለት ነው። የፍራንክፈርት አይሁዶች ሰውን የሚጠሩት በራሱ ስምና በአባቱ ስም ነበር፤ በዕብራይስጥ ሲጽፉ መሃሉ ላይ «ቤን» (ልጅ) ያስገባሉ፣ በጀርመንኛ ሲጽፉ ያስቀሩታል። «አምሼል» የማየር ሁለተኛ ስም የሚመስለው የቤተሰብ ስም ለለመደ ሰው ብቻ ነው።

ሰንሰለቱን ከላይ ወደ ታች ስናነበው ምንም የሚያደናግር ነገር የለውም። ካልማን በ1707 ሞተ። ልጁ ሞሰስ ካልማን በ1735 ሞተ። የሞሰስ ልጅ አምሼል ሞሰስ በ1755 ሞተ። የአምሼል ልጅ ማየር አምሼል በ1744 ተወልዶ በ1812 ሞተ። የማየር የበኩር ወንድ ልጅ ደግሞ አምሼል ማየር ተባለ። አምስቱም ወንዶች ልጆች አባታቸውን ከስማቸው ቀጥሎ ይዘውታል፦ አምሼል ማየር በፍራንክፈርት ቀረ፣ ሳሎሞን ማየር ቪየና ሄደ፣ ናታን ማየር ለንደን፣ ካርል ማየር ኔፕልስ፣ የመጨረሻው ያኮብ ማየር ደግሞ ፓሪስ ገብቶ ጄምስ ተባለ። የካርል የቀድሞ ስም ካልማን ነበር፤ የቅድመ አያቱን አባት ስም ይዞ ነው የተወለደው።

ስሞቹ በየሁለትና በየሦስት ትውልዱ የሚመላለሱት በአሽኬናዚ (በመካከለኛውና በምሥራቅ አውሮፓ) አይሁዶች ልማድ ምክንያት ነው። ልጅ የሚሰየመው በሞተ ዘመድ ስም ነው፤ በሕይወት ባለ አያት ስም ልጅን መሰየም አይለመድም። ይህ ለዘር ሐረግ ፈላጊ ትልቅ መሣሪያ ነው። አምሼል ማየር በ1773 ሲወለድ አያቱ አምሼል ሞሰስ ከሞተ 18 ዓመት ሆኖት ነበር። የናታን ልጅ በ1818 ለንደን ውስጥ ማየር አምሼል ተብሎ ሲሰየም አያቱ ከሞተ 6 ዓመት አልፎት ነበር። የአንድን ዘመድ የሞት ዓመት ያጣ ሰው በእሱ ስም የተሰየመውን የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ቢያገኝ፣ ሞቱ ከዚያ ልደት በፊት እንደሆነ በቂ ግምት ይኖረዋል።

ልማዱ ወጥመድም አለው። ሁለት ማየር አምሼል ሮትሺልዶች አሉ፦ መሥራቹ (1744–1812) እና እንግሊዛዊው የልጅ ልጁ (1818–1874)። የእንግሊዙ ማየር የናታን ልጅ ነው፤ በአባት ስም ልማድ ቢሄድ ኖሮ «ማየር ናታን» በተባለ ነበር። «አምሼል» እዚህ ላይ የአባት ስም መሆኑን ትቶ የአያቱ ሙሉ ስም ቅጂ ሆኗል። ወንድሙ ላዮኔል ናታን ግን (1808–1879) የድሮውን ሥርዓት ጠብቋል። ስለዚህ ከ1800 በኋላ የተወለዱትን ስናነብ ሁለተኛው ስም የአባት ይሁን የመታሰቢያ በየሰዉ ማጣራት ይገባል፤ አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም አሉ። የሞት ዓመት ብቻውን መለያ እንደማይሆንም የመሥራቹ ልጆች ያሳያሉ፦ አምሼል፣ ሳሎሞንና ካርል ሦስቱም የሞቱት በ1855 ነው።

ቤቱ

በ1462 የፍራንክፈርት ከተማ ምክር ቤት አይሁዶችን ከመሃል ከተማ አስወጥቶ በአሮጌው ግንብ ጥግ ባለ አንድ መንገድ ላይ አሰፈራቸው። መንገዱ ዩደንጋሰ፣ ማለትም የአይሁድ መንገድ ይባላል። ርዝመቱ ወደ 330 ሜትር፣ ስፋቱ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ሜትር፤ ሦስት በሮች አሉት፣ በሮቹ በሌሊት፣ በእሑድና በክርስቲያን በዓላት ይዘጋሉ። ሲጀመር ጥቂት ቤተሰቦች ነበሩ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዚያው ጠባብ መንገድ ላይ ወደ 3,000 የሚጠጋ ሕዝብ ይኖር ነበር። መሬቱ ስላልተጨመረ ቤቶች ተከፈሉ፣ ከኋላቸው ሌላ ቤት ተሠራ፣ ወደ ላይ ፎቅ ተቀጠለ።

የቤት ቁጥር በሌለበት ዘመን እያንዳንዱ ቤት ስምና ምልክት ነበረው። ምልክቱ በሰሌዳ ላይ ይሳል ወይም በድንጋይ ይቀረጽ ነበር፦ ንስር፣ ሰጎን፣ መርከብ፣ ማሰሮ፣ የተለያየ ቀለም ያለው ጋሻ። ቤት ሲከፈል ስሙም ከተጨማሪ ቃል ጋር ይከፈላል፤ ለዚህ ነው ተመሳሳይ ስሞች በቀለም ብቻ ተለይተው የምናገኛቸው። ይህ የአይሁዶች ብቻ ልማድ አልነበረም። ማተሚያን በአውሮፓ ያስጀመረው የማይንትሱ ዮሐንስ ጉተንበርግ የአባቱ ወገን ስም ጌንስፍላይሽ ነው፤ ዓለም የሚያውቀው «ጉተንበርግ» የቤተሰቡ ግቢ ስም ነበር።

በ1560ዎቹ ይስሐቅ ኤልሐናን (የኤልሐናን ልጅ ይስሐቅ) በመንገዱ ደቡባዊ ክፍል «ጹም ሮተን ሺልድ»፣ ማለትም «በቀይ ጋሻው» የሚባለውን ቤት ሠራ። እሱ በ1585 ሞተ። ዘሮቹ በዚያ ቤት እየኖሩ ሰዎች «የቀይ ጋሻው ሞሰስ»፣ «የቀይ ጋሻው እገሌ» ይሏቸው ጀመር። እስከዚህ ድረስ መጠሪያው አድራሻ እንጂ የዘር ስም አይደለም። የሚገልጸው ሰው የት እንደሚያድር ነው፤ በዚያው ቤት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ባዕድም በዚሁ ሊጠራ ይችላል። ጀማሪ ተመራማሪዎች አብዝተው የሚወድቁበት ይህ ነው፦ በ16ኛው ወይም በ17ኛው ክፍለ ዘመን መዝገብ ላይ «ሮትሺልድ» ያዩትን ሁሉ የይስሐቅ ልጅ ያደርጉታል። በዚያ ዘመን ከቤቱ ስም ይልቅ የሚያስተማምነው የአባት ስም ነው።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ቤተሰቡ ቀይ ጋሻውን ለቆ በዚያው መንገድ ወዳለ «ሂንተርፋን» ወደሚባል ቤት ገባ። እንደ ቀድሞው ልማድ ቢሆን መጠሪያው መቀየር ነበረበት፤ የሌሎች ብዙ ቤተሰቦች ስም እንዲሁ ከቤት ወደ ቤት ተቀያይሯል። ባወር የሚለውም ሆነ ሌላ መጠሪያ ከአንዳንድ የቤተሰቡ አባላት ጋር በአንድ ወቅት ተያይዞ ቢሆን እንኳ ከዚህ ልማድ የተለየ አይሆንም። ሮትሺልዶች ግን አዲሱን የቤት ስም አልወሰዱም። መጠሪያው የቤት አድራሻ መሆኑ ቀርቶ የዘር ስም የሆነው እዚህ ላይ ነው። ማየር አምሼል የተወለደው በሂንተርፋን ነው፤ ቀይ ጋሻ በተሰቀለበት ደጃፍ ላይ ኖሮ አያውቅም።

ይባስ ብሎ በ1780ዎቹ ሀብት ሲያገኝ የገዛው ቤት «አረንጓዴ ጋሻ» ይባል ነበር። በቤት ስም ቢሆን ልጆቹ «ግሩንሺልድ» በተባሉ። በዚህ ጊዜ ግን ስሙን የሚያጸና ሌላ ምክንያት ነበረው። ከሐኖቨር የባንክ ሥራ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ ያረጁ ሳንቲሞችን ይነግድ ነበር፤ የታተመ የሳንቲም ዝርዝር ለመሳፍንት ይልክ ነበር፤ በ1769 የሄሰን ሃናው ልዑል ቪልሄልም የቤተ መንግሥት ወኪል ነጋዴነት ማዕረግ ሰጥቶታል። የገዢዎች ደብዳቤና የዕዳ ወረቀት በስም ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ከደንበኞች ጋር የለመደ ስም ቤት በተቀየረ ቁጥር አይቀየርም። በ1810 ድርጅቱን «ማየር አምሼል ሮትሺልድና ልጆቹ» ብሎ ሲያቋቁም መጠሪያው የንግድ ምልክት ነበር።

መበለቱ ጉትለ፣ ልጆቿ በአውሮፓ ዋና ከተሞች ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት ሲሠሩ፣ እስከሞተችበት 1849 ድረስ ከአረንጓዴ ጋሻ አልወጣችም። ቤቱ የቀረው የመንገዱ ክፍል ከፈረሰ በኋላም ቆሞ ነበር፤ የጠፋው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው።

ሰሌዳ ወይስ ጋሻ?

በዛሬው ጀርመንኛ «ሺልድ» የሚለው ቃል በተባዕት ጾታ የጦር ጋሻ፣ በግዑዝ ጾታ ደግሞ ሰሌዳ ወይም ታፔላ ነው። «ጹም» የሚለው መስተዋድድ ከሁለቱም ጋር ስለሚሄድ የቤቱ ስም ብቻውን አይለይም። ቤተሰቡ ራሱ የመረጠው ጋሻን ነው፦ በ1822 የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት የባሮንነት ማዕረግ ሲሰጥ በተሠራው አርማ መሃል ትንሽ ቀይ ጋሻ አለ፤ በዙሪያው ካሉት ምስሎች አንዱ አምስቱን ወንድማማቾች የሚወክሉ አምስት ቀስቶችን የጨበጠ እጅ ነው። ይህን አርማ የስሙ ምንጭ አድርጎ ማቅረብ ግን ነገሩን መገልበጥ ነው፤ አርማው ከቤቱ በ250 ዓመት ያህል ያንሳል።

በስሙ ውስጥ ያለው «ሮት» ቀይ ማለት ነው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከቲ ቀጥሎ ኤች አለው። ይህች ኤች ድምፅ የላትም። ጀርመኖች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ1901 ባደረጉት የአጻጻፍ ማሻሻያ ከራሳቸው ቃላት አወጧት፣ ከሰው ስም ላይ ግን አልተነካችም። እንግሊዞች ቲና ኤችን አንድ ድምፅ አድርገው ኤስን ወደ ፊት ስበው ስሙን «ሮትስ» እና «ቻይልድ» ብለው ሰበሩት፤ በአማርኛ «ሮትስቻይልድ» ወይም «ሮስቻይልድ» እያልን የምንጽፈው ከዚያ ነው። ከልጅ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ስብራቱ «ሮት» እና «ሺልድ» ነው፤ የእስራኤል ዕብራይስጥም በትክክል ሮትሺልድ ብሎ ነው የሚያነበው፣ የቴል አቪቭን የሮትሺልድ ጎዳና የሚያውቅ ሰው ይህን በየቀኑ ይሰማል።

ከዚያው መንገድ የወጡ ሌሎች ስሞችም በዚሁ ዘዴ ይነበባሉ። ሽቫርትስሺልድ «ጥቁር ጋሻ» ነው፤ የጥቁር ቀዳዳን ወሰን በሒሳብ ያሰላው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ሽቫርትስሺልድ በ1873 ፍራንክፈርት ውስጥ የተወለደ ነው። ሺፍ «መርከብ» ነው፣ ሽትራውስ «ሰጎን»፣ አድለር «ንስር»። እዚህ ላይ ልጓም ያስፈልጋል፦ ሽትራውስ ወይም አድለር የተባለ ሁሉ የፍራንክፈርት ሰው አይደለም፣ አይሁዳዊም ላይሆን ይችላል። እንዲህ ያሉ ስሞች ከብዙ ቦታ ይፈልቃሉ። የቤት ስም ነው ለማለት ቤቱን ራሱን፣ ከተማውንና በዚያ የኖረውን ሰው ማገናኘት የግድ ነው።

ሕጉ ሲመጣ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ መንግሥታት አይሁዶች ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ በየተራ አዘዙ፦ ኦስትሪያ በ1787፣ ናፖሊዮን በ1808፣ ፕሩሺያ በ1812፣ ባቫሪያ በ1813። የፈለጉት ግብር፣ ወታደርና መዝገብ ነው፤ በየትውልዱ የሚቀያየር የአባት ስም ለጸሐፊ አይመችም። በፍራንክፈርትም አይሁዶች በ1811 ለገዢው ለካርል ፎን ዳልበርግ 440,000 ጉልደን ከፍለው የዜግነት መብት አገኙ። ሮትሺልዶች በዚያን ጊዜ ስማቸውን መፈለግ አላስፈለጋቸውም፣ ነበራቸው። ሌላ ቦታ ግን ስም ፍለጋው ሲጀመር ሮትሺልድን የመረጡ ቤተሰቦችም አሉ። ስለዚህ ዛሬ ከባንኩ ቤተሰብ ጋር ምንም የደም ግንኙነት የሌላቸው ብዙ ሮትሺልዶች አሉ፤ የስም መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይደለም።

በስዊድን ወይም በጀርመን ለልጁ ቅጽ የሞላ ኢትዮጵያዊ ይህን ደረጃ ያውቀዋል፤ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሳጥን ውስጥ የገባው የአያት ስም በዚያው ይደርቅና ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። የጀርመን ሕግ ለዚህ መውጫ አለው፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ መግቢያ ሕግ አንቀጽ 47 በሌላ አገር ሥርዓት የተሰየመ ሰው ስሙ በጀርመን ሕግ መመራት ሲጀምር ከስሞቹ የትኛው የራሱ፣ የትኛው የቤተሰብ እንደሚሆን በክብር መዝገብ ቢሮ እንዲያስታውቅ ይፈቅዳል።

ድንጋዩን ማንበብ

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ላለው ዘመን የመንግሥት መዝገብ አለ። ከዚያ በፊት ላለው ዋናው ምስክር በፍራንክፈርት ባቶንሽትራሰ የሚገኘው የድሮው መቃብር ነው። በጣም የቆየው ድንጋይ የ1272 ነው፤ መቀበር የቆመው በ1828። ናዚዎች በ1940ዎቹ አብዛኛውን ድንጋይ ሰባብረዋል፣ የተረፈው ግን ለሥራው ይጠቅማል፤ በብዙዎቹ ላይ ከጽሑፉ በላይ የሟቹ ቤት ምልክት ተቀርጿል። ጽሑፉ ዕብራይስጥ ስለሆነ የአባቱን ስም ይሰጣል፤ ሥዕሉ ደግሞ ጀርመኖች የሚጠሩትን ስም ይሰጣል። ሁለቱን የሚያገናኝ ሌላ ሰነድ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ዓመቱን ሲያነቡ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በድንጋዩ ላይ ብዙ ጊዜ ሺሁ ተትቶ የቀረው ብቻ ይጻፋል፤ በእሱ ላይ 1240 ሲደመር የአውሮፓው ዓመት ይወጣል። ችግሩ የዕብራውያን ዓመት የሚጀምረው በመስከረም አካባቢ መሆኑ ነው። ከቲሽሪ (ከዕብራውያን ዓመት መጀመሪያ ወር) እስከ አውሮፓውያን ታኅሣሥ መጨረሻ ለሞተ ሰው አንድ መቀነስ ያስፈልጋል። ማየር አምሼል ራሱ ምሳሌ ነው፦ የሞተው በቲሽሪ 13 ቀን 5573 ነው። 573 ላይ 1240 ቢደመር 1813 ይሰጣል፤ ትክክለኛው ግን መስከረም 19 ቀን 1812 በአውሮፓ ነው። በሰባትና በስምንት ዓመት ልዩነት ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህ አዲስ አይሆንበትም፣ ነገር ግን የዘር ሐረግ ሠንጠረዦች ላይ የአንድ ዓመት ስሕተት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

ስሙ የተጠበቀበት መንገድ

ማየር አምሼል ከመሞቱ ጥቂት ቀን በፊት በጻፈው ኑዛዜ ሴቶች ልጆቹንና ባሎቻቸውን ከድርጅቱ አወጣ። ስሙና ካፒታሉ በወንዶች መስመር ብቻ እንዲወርድ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያገቡት በአብዛኛው እርስ በርስ ነው፤ ጄምስ በ1824 ያገባት የወንድሙን የሳሎሞንን ልጅ ቤቲን ነው፣ ሙሽሪት ስሟን መቀየር አላስፈለጋትም። ለዘር ሐረግ ሠሪ ይህ ራስ ምታት ነው፦ አንዲት ሴት በሠንጠረዡ ላይ ልጅም ሚስትም ሆና ሁለት ቦታ ትገባለች፣ ሁለት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ መቁጠር ቀላል ነው።

የኔፕልሱ ቤት በ1863 ተዘጋ። የፍራንክፈርቱ ወንድ መስመር በ1901 በቪልሄልም ካርል ሞት አበቃ፤ የሴት ልጁ ባል ማክሲሚልያን ጎልድሽሚት ስሙን ከራሱ ጋር አጣምሮ «ጎልድሽሚት ሮትሺልድ» ተባለ። ስለዚህ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ጀርመን ውስጥ ድርብ ስም ያለው ሮትሺልድ ሲገኝ የሚወርደው በሴት በኩል ነው። ከስሙ ፊት ያለው «ፎን» የኦስትሪያን መኳንንትነት ያሳያል፤ ፈረንሳዮችና እንግሊዞች «ደ» ይላሉ። በፊደል ተራ ሲፈለግ ግን ስሙ በሮ ሥር ነው።

ይህ ሁሉ በኢትዮጵያ ታሪክ ጽሑፎች ውስጥ በቀጥታ የሚጠቅምበት አንድ ቦታ አለ። በ1904 «ባሮን ሮትሺልድ» ከኢትዮጵያ ጋር ሁለት ጊዜ ይነሳል፤ አንባቢም ጸሐፊም አንድ ሰው አድርገው ያልፉታል። ተመራማሪው ያዕቆብ ፋይትሎቪች በ1904 ቤተ እስራኤልን ለማየት ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ሲጓዝ ወጪውን የሸፈነለት ባሮን ኤድሞንድ ጄምስ ነው (1845–1934)፤ የፓሪሱ የጄምስ ልጅ፣ ከዚያ በፊት በፍልስጤም የአይሁድ ሰፈሮችን ያቋቋመና አንዱን በአባቱ ስም «ዚክሮን ያዕቆብ» ያሰኘ። በ1904 እና 1905 እንስሳትና ነፍሳት እየሰበሰበ ኢትዮጵያን አቋርጦ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሄደው ደግሞ ሞሪስ ኤድሞንድ ነው (1881–1957)። ሁለተኛ ስሙን እንደ አባት ስም ማንበብ ይበቃል፤ የኤድሞንድ ልጅ ነው።